ጌም ላፕቶፕ ወይስ ዴስክቶፕ? የሶዶና የተበላ ገዢ ሒሳብ

በጌም ስም የሚሸጥ ኮምፒዩተር የሚገዛው ጌም ተጫዋች ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ገበያውን ገና አላወቀውም። ይህን ዕቃ ፈልጎ ወደ ሱቅ የሚገባው ሰው ብዙውን ጊዜ የሠርግ ቪዲዮ አቀናባሪ፣ የዘፈን ክሊፕ ሠሪ፣ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ወይም የምህንድስና ተማሪ ነው። ለጌም ተብሎ የተሠራው ግራፊክስ ካርድ ለእነዚህም ሥራዎች የሚያስፈልገው ያው ካርድ ስለሆነ፣ «ጌሚንግ» የሚለው ጽሑፍ ከጨዋታ ይልቅ የጉልበት ምልክት ሆኖ ይሸጣል።

ወላይታ ሶዶ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ በመሆኗ መሥሪያ ቤቱም፣ ሠራተኛውም፣ የኅትመትና የፎቶ ሥራውም ጨምሮባታል። ከዚያ በፊትም በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመው ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒዩተር ነጋዴው ቋሚ ደንበኛ አፍርቶ ነበር። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ሃያ ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ የሚገኘው የሁምቦ ወረዳ ዋና ከተማ ተበላ ግን የተለየ ጉዳይ አለው። (ወረዳው በውጭው ዓለም የሚታወቀው በኮምፒዩተር ሳይሆን በ2,728 ሔክታር የደን ካርቦን ፕሮጀክቱ ነው።) ተበላ ላይ ፎቶ ቤት ወይም ቪዲዮ ቤት ለመክፈት የእቁብ ገንዘቡን ይዞ የሚነሳ ሰው አንድ ጊዜ ከተሳሳተ ሁለተኛ ዕድል የለውም። ዕቃው ቢበላሽ መለዋወጫው ከሶዶ፣ ሶዶም ከጠፋ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው። በጊፋታ ሰሞን ደግሞ ደንበኛው ክሊፑን ዛሬ እንጂ የዛሬ ሳምንት አይፈልገውም።

ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት

ገዢም ደላላም በብዛት የሚሳሳቱት በስም ነው። በላፕቶፑ ላይ የተለጠፈው የግራፊክስ ካርድ ቁጥርና በዴስክቶፑ ካርቶን ላይ የተጻፈው ቁጥር አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ውስጡ ያለው ዕቃ ግን አንድ አይደለም።

አርቲኤክስ 4090 የተባለውን የኤንቪዲያ ካርድ እንውሰድ። የዴስክቶፑ 16,384 የማስሊያ ኮሮችና 24 ጊጋባይት የራሱ ሜሞሪ ሲኖረው እስከ 450 ዋት ይስባል። በዚያው ስም ላፕቶፕ ውስጥ የገባው 9,728 ኮሮችና 16 ጊጋባይት ብቻ አለው፤ የሚፈቀድለት ኃይልም 150 ዋት አካባቢ ነው። በኮር ቁጥርም በሜሞሪም የሚስተካከለው ከዴስክቶፑ 4090 ጋር ሳይሆን ከዴስክቶፑ 4080 ጋር ነው። እርሱም ቢሆን 320 ዋት የሚፈቀድለት ስለሆነ ሥራ ሲከብድ ላፕቶፑን ይቀድመዋል።

ለእኛ ገበያ ይበልጥ የሚቀርበው 4070 ነው። ዴስክቶፑ 5,888 ኮርና 12 ጊጋባይት፣ ላፕቶፑ 4,608 ኮርና 8 ጊጋባይት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው 5070ም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል፤ ለዴስክቶፕ 12፣ ለላፕቶፕ 8 ጊጋባይት ይዞ ነው የመጣው። ለጌም ተጫዋቹ ይህ የጥራት ጉዳይ ነው። ለቪዲዮ አቀናባሪው ግን የሥራ ጉዳይ ይሆናል፤ በከፍተኛ ጥራት የተቀረጸ ፊልም ላይ ቀለም ማስተካከያና ልዩ ልዩ ማጣሪያ ሲደረብበት 8 ጊጋባይቱ ይሞላና ሥራው መሐል ላይ ይቆማል።

በአንጻሩ 4060 ላይ ልዩነቱ ጠባብ ነው። ሁለቱም 3,072 ኮርና 8 ጊጋባይት አላቸው፤ የዴስክቶፑ 115 ዋት ሲፈቀድለት የላፕቶፑ ደግሞ እንደ አምራቹ ምርጫ ከ35 እስከ 115 ዋት ይለያያል። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ላፕቶፖች ጎን ለጎን ተቀምጠው ቀጭኑ 60 ዋት፣ ወፍራሙ 115 ዋት የተፈቀደለት ሊሆን ይችላል። ደንበኛ ቀጭኑን አይቶ ይወደዋል፤ ሥራው ላይ ግን ወፍራሙ ያሸንፋል። ቀጭን ጌም ላፕቶፕ በውድ የሚሸጠው ለመልኩ ነው ቢባል ከእውነቱ አይርቅም።

ሻጩም ሆነ ደላላው ከመጣላት የሚድኑበት መንገድ ቀላል ነው። ላፕቶፑ ተከፍቶ ታስክ ማናጀር ውስጥ የግራፊክስ ሜሞሪው መጠን ይታያል። ቀጥሎ የቻርጀሩ ጀርባ ይነበባል፤ ቮልቱና አምፒሩ ሲባዙ ዋቱን ይሰጣሉ። 20 ቮልት በ11.5 አምፒር 230 ዋት ነው። በ230 ዋት የተሠራ ላፕቶፕ የራሱ ቻርጀር ጠፍቶ በ120 ዋት ተሽጦ ከሆነ፣ ሱቅ ውስጥ ዊንዶውስ ሲከፈት ምንም አይታወቅም። ቤት ሄዶ ከባድ ሥራ ሲጀመር ግን ይንቀረፈፋል፤ አንዳንዱም ሶኬት ላይ ተሰክቶ ሳለ ባትሪው እየቀነሰ ይሄዳል። ያገለገለ ዕቃ ገበያ ውስጥ ይህ ዓይነቱ ነገር ሞልቷል።

መብራት ሲጠፋ

«ላፕቶፕ መብራት ቢጠፋም ይሠራል» የሚለው አባባል ለተራ ላፕቶፕ እውነት ነው። ለጌም ላፕቶፕ ግን ግማሽ እውነት ነው። ትልቁ የላፕቶፕ ባትሪ ከ100 ዋት ሰዓት አይበልጥም፤ ምክንያቱም ከዚያ ያለፈ ባትሪ ወደ አውሮፕላን ይዞ ለመግባት የአየር መንገዱ ፈቃድ ስለሚያስፈልግ አምራቾቹ እዚያው ላይ ያቆሙታል። ባለ 90 ዋት ሰዓት ባትሪ 150 ዋት የሚስብ ሥራ ቢጫንበት በስሌት የሚቆየው 36 ደቂቃ ነው። በተግባር ማሽኑ ራሱ ባትሪውን ለማዳን ጉልበቱን ስለሚቀንስ ሥራው አይቋረጥም እንጂ እንደ ኤሊ ይጓዛል። የሁለት ሰዓት ፊልም አቀነባብሮ ማውጣት በባትሪ የሚታሰብ አይደለም።

ዴስክቶፑስ? ዩፒኤስ ያስፈልገዋል። እዚህም ላይ ገዢው በቁጥር ይታለላል። «650» ተብሎ የሚሸጠው ዩፒኤስ 650 ቪኤ እንጂ 650 ዋት አይደለም፤ ትክክለኛ አቅሙ ብዙውን ጊዜ ከ400 ዋት በታች ነው። ውስጡ የሚገኘው የተለመደው ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ ሲሆን፣ ሲባዛ 84 ዋት ሰዓት ይሆናል። ይህ ማለት ከአንድ ጥሩ ላፕቶፕ ባትሪ ጋር እኩል ገደማ ነው። 300 ዋት የሚስብ ዴስክቶፕ በእርሱ ላይ የሚቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ ሥራን አስቀምጦ ለመዝጋት ይበቃል፣ ለመሥራት አይበቃም።

ስለዚህ መብራት መጥፋቱ ለሁለቱም ጠላት ነው። ልዩነቱ፣ ላፕቶፑ ፋይል ሳያጠፋ በቀስታ ይቀጥላል፤ ዴስክቶፑ ያለ ዩፒኤስ ከሆነ በዚያች ቅጽበት የነበረውን ሁሉ ይዞ ይወድቃል። ዩፒኤስ የሌለው ዴስክቶፕ ዋጋው ርካሽ ነው ማለት ሒሳቡ አልተጨረሰም ማለት ነው። በላዩ ላይ ሞኒተር፣ ኪቦርድ፣ ማውስና ድምፅ ማጉያ ይጨመራሉ። በገበያው ቋንቋ «ሲፒዩ» እየተባለ የሚጠራው ሳጥን (ስሙ በትክክል የውስጧ የአንዲት ቺፕ ነው፣ ግን ማንም አይተወውም) ብቻውን ተተምኖ ከሙሉ ላፕቶፕ ጋር ሲወዳደር ሁልጊዜ ርካሽ ይመስላል።

የፍጆታው ሒሳብ ደግሞ ወደ ላፕቶፑ ያዘነብላል። ሞኒተሩን ጨምሮ 350 ዋት የሚስብ ዴስክቶፕ በቀን 8 ሰዓት፣ በወር 26 ቀን ቢሠራ 73 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 150 ዋት የሚስብ ላፕቶፕ በዚያው ሰዓት 31 ገደማ ብቻ ነው። ለአንድ ማሽን ይህ ልዩነት ሊታለፍ ይችላል። አራት ማሽን ላለው ጌም ቤት ግን፣ በቀን 10 ሰዓት፣ በወር 30 ቀን ሲሰላ፣ 420 ከ180 ጋር ይወዳደራል። የኤሌክትሪክ አገልግሎት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል በመደረጉ ይህ ቁጥር ከበፊቱ የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ጄኔሬተር ለመግዛት ያሰበም ሰው ስሌቱን ከዚሁ መጀመር አለበት።

የሚጓዘው ምኑ ነው?

ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሁሉ «ይዤው እንድንቀሳቀስ» ይላል። ጥያቄው በእርግጥ ይንቀሳቀሳል ወይ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ባለሙያው ከተበላ ተነስቶ ገጠር ቀበሌ ሄዶ ይቀርጻል፤ ይዞ የሚመለሰው ካሜራውንና የሜሞሪ ካርዱን ነው። ኮምፒዩተሩ ቤት ይጠብቃል። ይህ ሰው ለመንቀሳቀስ ብሎ የሚከፍለው ተጨማሪ ገንዘብ ለማይጠቀምበት ነገር የተከፈለ ነው። በዚያው ገንዘብ ዴስክቶፕ ቢገዛ ሰፋ ያለ ሞኒተርና የተሻለ ካርድ ያገኛል።

ሁለት እግሩን በሁለት ከተማ ያቆመው ግን ሌላ ነው። ጠዋት ሶዶ ከደንበኛ ጋር ተቀምጦ ንድፍ የሚያሳይ፣ ማታ ተበላ ገብቶ የሚያስተካክል የሕንፃ ባለሙያ ላፕቶፕ የግድ ያስፈልገዋል። ዶርም ውስጥ የሚኖር ተማሪም እንደዚሁ ነው። ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ምክንያት ደግሞ አለ፤ ሱቁ በቆርቆሮ የተሠራና በኪራይ የተያዘ ነጋዴ ማታ ማታ ዕቃውን ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ላፕቶፕን በብብት ይዞ መሄድ ይቻላል። ዴስክቶፕን ትቶት የሚሄድ ሰው ዘበኛና ቁልፍ ያስፈልገዋል፤ ያም ወጪ ነው። በሌላ በኩል ላፕቶፕን ይዞ መሄድ ለባለቤቱ እንደሚቀል ሁሉ ለሌባም ይቀላል፤ ብዙ ሰው በሚገባበት ጌም ቤት ውስጥ ይህ አይረሳም።

ክብደቱንም መመዘን ያሻል። ጌም ላፕቶፕ ባብዛኛው ከ2 ኪሎ በላይ ነው፤ 230 ወይም 330 ዋት ቻርጀሩም ለብቻው ጡብ ያክላል። ባጃጅ ላይ ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

ሙቀት፣ አቧራና ቀጭን አየር

ላፕቶፕና ዴስክቶፕ በጉልበት የሚለያዩበት ዋናው ምክንያት ሙቀት ነው። የሚወስዱት ኃይል ሁሉ መጨረሻው ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ዴስክቶፑ ሰፊ ሳጥንና ትልልቅ ፋን አለው። ላፕቶፑ ሁለት ጣት በማይሞላ ውፍረት ውስጥ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ይታገላል። ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ተሞክሮ «ይበራል» የተባለ ላፕቶፕ፣ ለግማሽ ሰዓት ሲሠራ ሌላ ማሽን ሊሆን ይችላል። መሞከር የሚገባው ለግማሽ ሰዓት ነው።

የደጋው ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። 2,000 ሜትር ላይ ያለ አየር ከባሕር ወለሉ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ስለሆነ ፋኑ ያንኑ ያህል ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ወደ አባያ ሐይቅ ወረድ ሲባል አየሩ ይወፍራል፣ ግን ይሞቃል። አቧራው ለሁለቱም አንድ ነው፤ ሆኖም ዴስክቶፑ በአንድ ቡለንና በአንድ ብሩሽ በየወሩ ይጸዳል፣ ላፕቶፑን ለማጽዳት ግን ጀርባውን የሚፈታና የማያበላሽ እጅ ይፈልጋል።

ጥገና ላይ ልዩነቱ ይሰፋል። ላፕቶፕ ውስጥ ሜሞሪና ሃርድ ዲስክ ብዙውን ጊዜ ሊቀየሩ ይችላሉ፤ ግራፊክስ ካርዱ ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። እርሱ ከሄደ ላፕቶፑ ሄደ ማለት ይቻላል። ዴስክቶፕ ላይ የተቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ይለወጣል፣ ካርዱ ከሆነ ካርዱ። ሲሸጥም ተበታትኖ ይሸጣል። ይህን ለተበላው ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ከውጭ የሚመጣው ዕቃና ምንዛሪው

ይህ ሁሉ ሆኖ ገበያው ላይ ጌም ላፕቶፕ የሚበዛው ለምንድን ነው? መልሱ ሻንጣ ነው። ላፕቶፕ ከዱባይም ከአሜሪካም በመንገደኛ ሻንጣ ይገባል። ሙሉ ዴስክቶፕ ይዞ የሚመጣ ዘመድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ የላፕቶፑ ተንቀሳቃሽነት ከገዢው በፊት የሚጠቅመው አስመጪውን ነው። በዚህ መንገድ የገባ ዕቃ ግን የአምራቹ ዋስትና እዚህ ላይሠራ ይችላል፤ የሻጩ ደረሰኝና የጽሑፍ ዋስትና ብቻ ነው የገዢው መያዣ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ፤ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ከ130 በላይ ነበር። ይህ የኮምፒዩተር ነጋዴን ሒሳብ አዛብቶታል። በባንክ ተመን 1,000 ዶላር ያወጣ ላፕቶፕ በ57,000 ብር ገብቶ፣ አርጅቶ በ600 ዶላር ግምት በ130 ሲሸጥ 78,000 ብር ይሆናል። ነጋዴው 21,000 ብር ያተረፈ ይመስለዋል። ነገር ግን ያንኑ የመሰለ አዲስ ዕቃ ለመተካት 130,000 ብር ይፈልጋል፤ 52,000 ብር ከኪሱ መጨመር አለበት። እርግጥ ከለውጡ በፊት ብዙ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚተመነው ከባንክ ውጪ በነበረው ምንዛሪ ስለነበር ዝላዩ በሱቅ ዋጋ ላይ በዚህ ልክ አልታየም። አዲስ የግራፊክስ ካርድ ትውልድ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ስለሚወጣ ላፕቶፕ አከማችቶ ዋጋ እስኪወጣ መጠበቅ ግን አደገኛ ጨዋታ ነው።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ካርድ የሚገዛም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። ኢቴሪየም የተባለው የዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. አሠራሩን ሲቀይር በግራፊክስ ካርድ «ማዕድን ማውጣት» ያበቃለት ሲሆን፣ ቀንና ሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ላይ ፈሰሱ። ብዙዎቹ አሁንም ይሠራሉ፤ ፋናቸው ግን ያረጀ ነው። ያገለገለ ሙሉ ኮምፒዩተርም ቢሆን፣ ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ ስላበቃ፣ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ ወዲህ መሆኑን ማየት ይበጃል። ከዚያ በታች ያለው ዊንዶውስ 11ን በይፋ አይቀበልም።

ከአሜሪካ የመጣ አሮጌ ፓወር ሰፕላይ ከሆነ ደግሞ ጀርባው ላይ ያለች ትንሽ ቀይ ማብሪያ መሰል ነገር ትታይ። 115 ላይ ሆና ባለ 220 ቮልት ሶኬት ላይ ከተሰካች ፓወር ሰፕላዩ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የላፕቶፕ ቻርጀር ግን ባብዛኛው ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

በመሐል ያለው መንገድ

ገንዘቡ ለሁለቱም ላልበቃው ገዢ በገበያው ላይ ሦስተኛ መንገድ አለ። ከመሥሪያ ቤት የወጡ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ዴስክቶፖች በየሱቁ ይገኛሉ፤ ጠንካሮች ናቸው፣ ዋጋቸውም ከጌም ማሽን ጋር አይወዳደርም። በእነርሱ ላይ አነስተኛ ግራፊክስ ካርድ በመጨመር ለሠርግ ቪዲዮና ለአውቶካድ የሚበቃ ማሽን ማቆም ይቻላል። ችግሩ ፓወር ሰፕላያቸው የፋብሪካው የራሱ ስለሆነ ለካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ ብዙውን ጊዜ የለውም። ስለዚህ የሚመረጠው ካርድ ከማዘርቦርዱ መሰኪያ ከሚገኘው 75 ዋት የማያልፍ መሆን አለበት፤ ጂቲኤክስ 1650 በ75 ዋት የሚሠራው ዓይነትና እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 (70 ዋት) ከዚህ ወገን ናቸው። ሳጥኑ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ካርዱ አጭር ቁመት ያለው መሆን ይኖርበታል። ሶዶ ድረስ ሄዶ ካርድ የሚገዛ የተበላ ሰው ከመነሳቱ በፊት ሳጥኑን ከፍቶ የውስጡን ቁመት በሜትር ቢለካና የፓወር ሰፕላዩን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ ቢያነሳ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ያተርፋል።